የገለኔ ቀይ ጫማ

ለልጄ ለዋሪቱ፣ ቤሩት።

እንደምን ከረምሽ? እኛ ዝናቡ ከመበርታቱ በቀር ደህና ነን፤ መቱን ታውቂያታለሽ።

ለልጅሽ ለገለኔ የላክሽው ቀይ ጫማ ሳታደርገው ጠበባት። «ለጎረቤት ልጅ እንስጠው» ብላት፣ «አኮ፣ እማዬ ‹ስመጣ ነው የማደርግልሽ› ስትለኝ ቶሌ ብያለሁ እኮ!» ብላ ከእኔ ከአያቷ እጅ ነጠቀችኝ። ቶሌ ብሎ እሺ ያለ ሰው ቃሉን አያጥፍም ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ ምን ልበላት? ዛሬም ትወለውለዋለች።

ስልክሽ ከፋሲካ ወዲህ አይነሳም፤ መስመሩ ይሆናል። ይህን የምታመጣልሽ ጎረቤታችን ዘህራ ናት። ፊትሽን ሳታይ ለማንም እንዳትሰጥ አደራ ብያታለሁ።

መልሱን ሌላ ሰው እንዳይጽፍልሽ። «ቶሌ» ብቻ ብትይም ይበቃናል። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ፤ የምታጣምሚያትን «ሌ» አውቃታለሁ።

አምላክ ካለሽበት ይጠብቅሽ።

እናትሽ ብርቄ