«ዘ» የጎደለው አገር

እሑድ

ዛሬም ኮሊን የእንግሊዝኛዋን «ዘ» ሲያሸክመን ዋለ። ሆቴሉ ክፍል ከምናጸዳው ሴቶች አንዷን እንግዳ ተቀባይ አድርጎ ሊያሳድግ ነው። መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይማሩና ይፈተኑ አሉና ይህን ጡረተኛ እንግሊዛዊ አመጡብን። «ዘ ኔዘርላንድስ፣ ዘ ፊሊፒንስ፣ ዘ ጋምቢያ።» ፈረንሳይ ግን ባዶዋን ትሄዳለች። ለምን ስንለው «እንዲህ ነው» ይላል። ድንቄም አስተማሪ! እንዲህ ነው ማለትማ እኔስ መች አቃተኝ። እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ባሕር ዳር ለመዋኘት የመጣ ሰው ፎጣ ሲጎድለው ነው የሚጠራኝ፤ ስለ ጋምቢያ ማን ይጠይቀኛል?

ሰኞ

ኦክሳና ተነሣችበት። አብራኝ አንሶላ የምትቀይር፣ ከዩክሬን የመጣች ናት። ኮሊን «ዘ ዩክሬን» ሲል «ዩክሬን! በ‹ዘ› የሚጠሯት የሌላ ግዛት ሳለች ነበር፤ አገር ናት፣ የማንም ጓሮ አይደለችም» አለችው። ፊቱ ቀላ። «በእኛ ጊዜ እንዲህ ነበር።» ጊዜውን ይዞ ይቀመጣ! አንጀቴ ራሰ።

ማክሰኞ

ተራው የእኔ ሆነ። «ወደ እስራኤል በየት በኩል መጣሽ? ሐሙስ ፈተናው ላይም ይኸው ነው የምትጠየቂው» አለኝ። በእኛ ቤት የዚያ አገር ስም አይጠራም። አባባ «ያ በረሃ» ነው የሚለው፣ እኛም እንደሱ። እናቴ እዚያ ስደተኛ ሰፈር ቀርታለች፣ እኔ ጡት ሳልጥል።

ኮሊን ዝም ስል ጊዜ ያላወቅኩ መሰለው። የእኛ ሰዎች በየት በኩል እንደመጡ ሰምቷልና፣ ከንፈሩን እያሳየኝ ለሕፃን እንደሚነገር «ዘ... ሱዳን፣ ዘ... ሱዳን» አለ። እናቴን የበላ አገር፣ ለእሱ የጎደለው «ዘ» ነው! ከባሕሩ ዳር እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ስሰድበው ሄድኩ። እንባዬም መጣ።

ረቡዕ

ለአባባ ነገርኩት። ካልተናገርኩ ቦታው እንደሚያልፈኝ፣ እንደገና ሽንት ቤት ስፈገፍግ እንደምከርም።

«እንዳታለቅሱብኝ ብየ ነበር የከለከልኋችሁ» አለ። ደግሞም፣ «ለዚያ ለሞሬሽ፣ ለአስተማሪሽ፣ ሱዳን በይው፣ ልጄ። እናትሽ ገዳሪፍ አጠገብ ናት። ስሟንም ጥሪለት።»

ሱዳን የሚለውን ቃል ከአፉ ስሰማ መጀመሪያዬ ነው። እራት አልበላሁም።

ሐሙስ

ተፈተንኩ። ሥራ አስኪያጇና ኮሊን ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። «ሱዳን» አልኩ፣ ያለ «ዘ»። ኮሊን የተለመደችውን «ዘ» ሊያቀብለኝ አፉን ከፈተ። «እናቴ ውብነሽ እዚያ ተቀብራለች» ብዬ ቀጠልኩ፣ በእንግሊዝኛ። «ዘ»ዋን ዋጣት። ሲወጣ እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት እንጂ አልወደድኩትም።

ውጤቱን በሚቀጥለው ሳምንት እንነግርሻለን አሉ። ይስጡኝ አይስጡኝ እንጃ።

ቤት ስገባ አባባ በር ላይ ጠበቀኝ። «ስሟን ጠራሽው?» «ጠራሁት።» ወንበር ሳበልኝና ስለ እሷ ይነግረኝ ጀመር። ሳቋ ከሩቅ ይሰማ ነበር አለኝ። አላውቅም ነበር።