አራት ሰዓት ሳልንቀሳቀስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ለሰፈራችን እድርተኞች በሙሉ! ከባድ ዜና ስለሆነ ቆማችሁ ስሙ። የአዳማው ባጃጅ ነጂ ጀማል ዛሬ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ፣ ማንንም ሳያታልል ተቀመጠ።

የእህቴ የሰሚራ መቅኒ ደም መሥራት ካቆመ ስምንት ወሩ ነው። ከአምስት ወንድምና እህቶቿ የእኔ ብቻ ገጠመላት። ለእማዬ ስነግራት መቼ አምናኝ! "ወላሂ በል" ብላ ሦስቴ አስምላኝ ነው የተቀበለችኝ። ቀልዴን ስለማውቀው አልፈረድኩባትም።

ዛሬ ደሜ በግራ ክንዴ ወጥቶ፣ ማሽን ውስጥ ዞሮ፣ በቀኝ ክንዴ ተመለሰ። ማሽኑ የሚያስቀረው ደም የሚወልደውን ዘር ብቻ ነው፤ ሲስተሯ ስቴም ሴል ትለዋለች።

"ሲስተር፣ ቀልዴም አብሮ ይወጣል እንዴ?"

"እሱንስ ማሽኑም አይችለው። ክንድህን አታጥፍ!"

ሲያልቅ ከረጢቱን አሳየችኝ። የቲማቲም ድልህ ይመስላል፣ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። የሰሚራ ደም ሁሉ ከዚህች ሊወለድ! ሱብሃነላህ።

ማታ ሰሚራ በሽታ እንዳይጋባባት ሰው ከማይገባበት ክፍሏ ደወለች።

"እንዳንተ ዋሾ እንዳልሆን ብቻ!"

"ትሆኛለሽ፣ ወላሂ!"

ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጀሚ፣ ግን ዘሩ ይይዝልኛል?" አለችኝ።

ወላሂ ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ኢንሻአላህ አልኳት።

እድርተኞች፣ ተቀመጡ በቃ። የእኔስ ሁለት መርፌና አንድ ወንበር ነው፤ ቀላል ነገር ነበር።