ከደጀን የመጣው ቅጠል

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ታናሽ ወንድሜ ዓለሙ አእምሮው ከታወከ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። ጸበል ላይ ሌላ መድኃኒት አይወሰድምና፣ እህታችን ጥሩነሽ ዛሬ ከጸበሉ አውጥታ ከደጀን በሹፌሮች ያስመጣችውን ሐሺሽ አስጨሰችው።

ስለ ሐሺሹ አንድ ሐኪም አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። «ውጭ አገር ገና እያጠኑት ነው። አንዱን ያረጋጋል፤ የሌለ ድምፅ የሚሰማውን ግን ሊያብስበት ይችላል» አለኝ። ነገርኳት።

«እነሱ አጥንተው እስኪጨርሱ ወንድሜ ይሙትልህ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ደስ አለን። ዓለሙ ሳቀ፣ ምሳውን በላ፣ ጥሩነሽን በስሟ ጠራት። ከዚያ ወደ በሩ አየና «ኖር!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ጥሩነሽም እንግዳ የገባ መስሏት ብድግ አለች። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ዓለሙ ቦታውን ለቆ እንደቆመ ቀረ።

የተረፈውን ስጪኝ አልኳት።

«ነገ ቀነስ አድርጌ ነው የምሰጠው» ብላ ቅጠሉን መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።