ከርእሱ ሥር የተደበቀችው ሴት

ሮይትሊንገን፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴንም የጨረሰው የደረጃ ጽዳት ነው። ከታች ያሉት ሴትዮ የጽዳት ተራ ሰሌዳዋን ቅዳሜ ሳይነጋ በሬ ላይ ይሰቅሏታል። ጠርጌ ስጨርስ ደግሞ መደገፊያውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ጌታው፣ እዚህ ላይ ድንች ቢተከል ይበቅላል» ይሉኛል። ከዚህ የባሰ ግፍ አለ?

«አጎቴ፣ ደብዳቤ የጻፍከው ስለ ደረጃ አይደለም» እንደምትዪ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው።

ግድግዳዬን የሞሉትን ሥዕሎች ታውቂያቸዋለሽ። በወጣትነቴ በየኪዮስኩ ይሸጡ ለነበሩት ቀጫጭን የሕዋ ታሪክ መጽሔቶች ሽፋን በእጅ የተሣሉ ናቸው። ከታተሙ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር፤ አንዱን ያገኘሁት የጥንቸል ቤት ክዳን ሆኖ ነው። አሁን አርባ አንድ ደርሰዋል። አርባዎቹ እውነተኛ ናቸው።

አርባ አንደኛውን የሣልኩት እኔ ነኝ።

ለክፋት አልነበረም። ጓደኛዬ ኤበርሃርት እንደ እኔው ሰብሳቢ ነው፤ «እኔን የሚያታልል እጅ ገና አልተወለደም» እያለ ሃያ ዓመት አደረቀኝ። አሮጌ ካርቶን ፈለግሁና ሠዓሊው ሬመሌ ከሠራቸው ሽፋኖች የጠፋውን አንዱን ከመጽሔቱ ገለበጥኩ። ሟቹ ሬመሌ አንድ ልማድ ነበረው። የመጽሔቱ ስም በትልልቁ በሚታተምበት ቦታ ሌሎቹ ሰማይ ብቻ ቀብተው ሲያልፉ፣ እሱ ጥፍር የምታህል የሴት ፊት ይሥል ነበር። ፊደሉ ስለሚሸፍናት አንባቢ አያያትም፤ እኛ ግን የእጁን ሥራ የምንለየው በእሷ ነው። እኔም ሴት ትሁን እንጂ የማንም ትሁን ብዬ የእናትሽን ፊት ሣልኩ። ነፍሷን ይማረውና፣ ከእሷ ሌላ በቃሌ የማውቀው ፊት የለኝም።

ኤበርሃርት አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ አየና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አንተ ሌባ፣ ይህን ከየት ቆፍረህ አወጣኸው?» አለኝ። ትንሽ ኮርቶ ይደር፣ ነገ እስቅበታለሁ ብዬ ተውኩት። እሱ ግን በማግስቱ የሠዓሊውን ሚስት፣ ወይዘሮ ሬመሌን፣ በመኪናው ይዟቸው መጣ።

ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ያቺን ትንሽ ፊት ብዙ ተመለከቱ። «ሁልጊዜ የሚሥለው እኔን ነበር። ይቺ ማን ናት?» አሉ።

ኤበርሃርት ሊያቃልለው ብሎ «አንዷ የሠፈር ልጅ ትሆናለቻ» አላቸው። «የየትኛው ሠፈር?» አሉት።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። አንድም ቀን ሳያስታጉሉ ያጠጡት የነበረው የባላቸው መቃብር አበባ ደረቀ ብለው ሰዎች ሲነግሩኝ፣ ትናንት ባልዲ ይዤ እንደ ሌባ ዙሪያዬን እየቃኘሁ አጠጣሁት።

ብናገር፣ በአንዷ ሐሰት የተነሣ አርባዎቹም ሐሰት ይባላሉ፤ ኤበርሃርትም ዳግመኛ ፊቴን አያይም። ከእሱ ሌላ ማን አለኝ? ዝም ብል፣ ሴትዮዋ የሃምሳ ዓመት ትዳራቸውን በቁማቸው ቀብረው ይሞታሉ። ሥዕሉን ባቃጥለው ደግሞ ያቺን ሴት ደበቃት ይሉኛል። መግቢያ መውጫ አጣሁ። እናትሽ ከግድግዳው ላይ ታየኛለች፤ እኔም ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀምጫለሁ።

ቆይ፣ ደወል ነው።

ወይዘሮ ሬመሌ ናቸው! ብቻቸውን፣ በአውቶቡስ። የፎቶግራፍ ሣጥን በደረታቸው አቅፈዋል፤ ያቺን ፊት ከባላቸው ፎቶዎች መካከል ሊፈልጓት ነው። የታችኛውን በር ከፈትኩላቸው። እስኪደርሱ ይህን እጨርሳለሁ።

በአፌ ብጀምረው ወደ ቀልድ እንደምወስደው ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከአንቺ በፊት እሳቸው ያነቡታል። ሁለተኛ ወንበር አቀረብኩ። የራሳቸውን ረስተው ከሆነም ብዬ መነጽሬን ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጥኩ። ደብዳቤው ተጨማድዶ ቢደርስሽ ፖስተኛውን አትውቀሺው።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይባርክ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ እንደ እኔ ያለ አጎትም አያብዛባቸው።

የእናትሽ ወንድም