ፈርሜ ስለተረከብኩት ድንጋይ

ለክቡር አቶ ሣህሌ ወልደሰንበት
የለስላሳ መጠጥ ማከፋፈያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ላምበረት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለሁለቱ እግሮችዎ፣ አላህ ጤና እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ። እኔ በድርጅትዎ ስድስት ዓመት ሣጥን ስጭንና ሳወርድ የኖርኩት ረዳት፣ ሙዘይን ኡበይድ ነኝ። ባለፈው ኅዳር፣ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ባለው የእንጦጦ ዳገት ላይ ዕቃ ሳወርድ፣ የቆመው መኪናዎ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቀኝ እግሬን ከጉልበት በታች ወሰደብኝ። ከስሼዎታለሁ፤ ችሎቱም የድርጅቱን ቸልተኝነት አስረዳ ብሎኛል። ካላስረዳሁ መዝገቡ ተዘግቶ፣ መሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ በክራንች እየወጣሁ የሚስቴን እጅ ሳይ መኖሬ ነው። ይህን በጋዜጣ የምጽፈውም፣ ለማስረዳት እርስዎ ራስዎ የዋሉልኝን ውለታ በአደባባይ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ በመልስዎ ላይ የእጅ ፍሬኑ መበላሸቱን ድርጅቱ ፈጽሞ እንደማያውቅ ገልጸዋል። ሾፌሩ በዳዳ በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ በጽሑፍ ማመልከቱን፣ እርስዎም መኪናው ጋራዥ ከገባ የበዓል ገበያ ያመልጠናል ብለው መመለስዎን የረሱት፣ መቼም ከሥራ ብዛት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ፍሬኑን በማስጠገን ፈንታ አንድ ጥቁር ድንጋይ አስመርጠው፣ በቀይ ቀለም ቁጥር አስጽፈውበት፣ በንብረት መዝገብ አስገብተው ፈርሜ እንድረከብ አድርገዋል። መኪናው ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር ዘልዬ ወርጄ ጎማ ሥር የምወትፈው እኔ ነበርኩ። በእውነቱ ለድንጋይ ይህን ያህል ማዕረግ የሰጠ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። የዚያን ዕለት ድንጋዩ ተንሸራተተ፤ እርስዎም ጥፋቱ በአግባቡ ያልወተፈው የረዳቱ ነው ብለው ለፍርድ ቤት ጻፉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼው ነው።

ሦስተኛውን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሆስፒታል በተኛሁ በዘጠነኛው ቀን ከድርጅትዎ ፖስታ ሲመጣ፣ ባለቤቴ ዩምና የማጽናኛ ቃል መስሏት እየተጣደፈች ከፈተችው። ለካስ የተረከብኩትን ድንጋይ እስክመልስ ድረስ ክሊራንስ እንደማይሰጠኝ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ኖሯል! እግሩ እንዴት ሆነ የምትል አንዲት ቃል የለችበትም። ያለ ክሊራንስ ሌላ ሥራ አይገኝምና፣ ዩምና በማግሥቱ ያን ዳገት በእግሯ ወጥታ፣ ቅጠል የሚለቅሙትን ሴቶች እየጠየቀች፣ ድንጋዩን ከቦይ ውስጥ አግኝታ በነጠላዋ ጠቅልላ ተሸክማ መጣች። ደሜ ደርቆበት ነበር። ምን ዓይነት ፍጡር ነዎት?

ይሁንና ጠበቃዬ ደብዳቤውን ሲያነብ በደስታ ከወንበሩ ተነሳ። የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ «በመኪናው ፍሬን መድከም ምክንያት ከአደጋው ሰባት ወር በፊት ተፈርሞ የተሰጠ ድንጋይ» የሚል ሰፍሯል። ፍሬኑ መድከሙን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው የጻፈው ነው እንግዲህ። እኔ ብዙ ምስክር ስፈልግ፣ እርስዎ ግን በአንድ ድንጋይ ስስት ራስዎን አስረዱብኝ። ማኅተሙንም አጥብቀው ስለመቱት ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ለሰው ባይሆን ለንብረት በመጨነቅዎ ዘወትር የምደነቅ፣ ውለታዎን በሄድኩበት ሁሉ እያነከስኩ የማስታውስ፣

ታዛዥዎ
ሙዘይን ኡበይድ
ሚያዝያ 2003 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በእኔ ቦታ የቀጠሩት ጌድዮን ትናንት ቤቴ መጥቶ ነበር። መኪናው እስከ ዛሬ እንዳልተጠገነ፣ እርሱን ግን ከእኔ ስህተት ተምረው ሁለት ድንጋይ እንዳስፈረሙት ነግሮኛል፤ የፈረመበትንም ቅጂ ለችሎቱ አስገብተናል። በቀጠሮው ቀን ቀርቦ ይመሰክራል፤ ለጊዜው በሁለት እግሩ ቆሞ።