ሁላችንም ጥዑመልሳን ነበርን

ውድ ጥዑሜ፣

ሰላምታው ይቆየን። ዋናውን ካልተነፈስኩ እጄ አይታዘዘኝም። ሚስ ኦፓልን ክሊኒኩ በር ላይ ያስቀራት ሰው ተገኝቷል። አንተ አይደለህም። አንተ እንዳልሆንክ እኔ ድሮም አውቃለሁ፤ አሁን ግን እዚህ ዳላስ ከጋርላንድ እስከ ኧርቪንግ ያለ ሐበሻ ሁሉ አውቋል። እሰይ! ጓደኛህ እንየው አድራሻህን እንዲሰጠኝ ስንት እንደለመንኩት አትጠይቀኝ። "ለማንም እንዳትሰጥ ብሎኛል" እያለ ሲያንገላታኝ ከርሞ፣ ይህን ወሬ የነገርኩት ቀን ራሱ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ማን እንደሆነ ግን አሁኑኑ አልነግርህም። ደንቨር ገብተህ፣ ስልክህን ቀይረህ፣ እኔን ይህን ሁሉ ጊዜ እንዳስጠበቅከኝ፣ አንተም ትንሽ ታገስ።

ጋሽ መንገሻ ካምፓኒውን በአራት ቫን የጀመሩ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እሳቸው ራሳቸው በሽተኛ ያመላልሳሉ፣ እኔ ስልክ አነሳለሁ። ኮምፒውተር የማይፈራ ሰው ሲጠፋ "አንድ ልጅ አለ ጋሼ፣ በእኔ ይሁንብዎ" ብዬ አንተን አስገባሁህ፤ ሹፌር ሲጎድልም አንተው ትነዳለህ። በሽተኛ የሚልክልን መሥሪያ ቤት ዌብሳይቱ ላይ አካውንት ክፈቱ ሲለን፣ በማን ስም ይከፈት? በአንተ። የነዳጁ ሲመጣ በአንተ። ኢሜይሉ፣ ደሞዝ የሚሠራበት ፔይሮሉ፣ መኪኖቹ የት እንደደረሱ የሚያሳየው ነገር፣ ሁሉም በአንተ። ቫኑ ከአራት ወደ ሠላሳ ሲያድግ አንድ ያላደገ ነገር ቢኖር ይሄው ነበር። ሁላችንም አንተ ሆነን ቀረን። ጠዋት ጥዑመልሳን እኔ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉወርቅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀድሞ ቢሮ የገባ ሁሉ ጥዑመልሳን ነው። ባሌ "ዛሬስ ማን ሆነሽ ዋልሽ?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ፓስወርዱስ! ፍሪጁ በር ላይ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ፣ "ፈረንጅ አያነበውም" ተብሎ በፕላስተር ተለጥፎ! ሹፌሩ ሐበሻ፣ ቢሮ የሚያጸዳው ሐበሻ፣ ለባሏ ምሳ ይዛ የምትመጣው ሐበሻ። ከማን ነበር የደበቅነው?

የተናገርከው አንተ ብቻ ነህ። የዚያን ቀኑ ስብሰባ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። "ጋሼ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይኑረው። አንዱ ቢሳሳት ማን እንደሆነ አናውቅም" አልክ። በትሕትና ነው ያልከው፣ ምስክር ነኝ። ጋሽ መንገሻ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"እኛ እኮ ቤተሰብ ነን። ወንድም ከወንድሙ ቁልፍ ይደብቃል? ሌባ አለ ነው የምትለኝ?" አሉህ።

"ሌባ መች አልኩ?" ብትል ማን ሰምቶህ። ሙሉወርቅ እንኳ "እኔን ነው የጠረጠረው" ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችህ። እኛ ዘንድ መተማመን ማለት አለመጠየቅ ነው፤ አንተ ጠየቅክና ባዕድ ሆንክ። ብዙም ሳትቆይ ለቀህ ኧርቪንግ ያለ ሌላ በሽተኛ ማመላለሻ ካምፓኒ በሹፌርነት ገባህ። ስምህን ግን እኛው ጋ አስቀረነው። አካውንቱን እንቀይር ብንል ሁሉ ነገር ሊቆም ነው፤ እናም አንተ ሄደህም እኛ አንተ ሆነን ቀጠልን።

ከዚያ የሚስ ኦፓል ነገር መጣ። ለኩላሊት እጥበት ጠዋት አደረስናት፤ መመለሻዋ ግን ከኮምፒውተሩ ላይ ጠፋ። ሹፌር ሳይላክላት ክሊኒኩ ተዘጋ። በዚያ በኦገስት ፀሐይ ዊልቸሯ ላይ እንደተቀመጠች ራሷን ሳተችና አምቡላንስ አነሳት። ተመስገን፣ ተረፈች። መሥሪያ ቤቱ ሲያጣራ "ካንስል ያደረገው ጥዑመልሳን" ይላል። ተቀይሞ የለቀቀ፣ ፓስወርዱን የሚያውቅ፣ ስሙም እዚያው ላይ የተጻፈ ሰው! ከዚህ ወዲያ ማን ይመራመራል? በዳላስ ዙሪያ በሽተኛ እንዳታመላልስ አገዱህ። ኧርቪንግ ያለው ሥራህም ወዲያው ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው ሲያይህ መንገድ ይቀይር ጀመር። "ቂሙን በታመመች አሮጊት ላይ የተወጣ!" አለች አንዷ። ማን እንደሆነች አልነግርህም፤ ቀሚሷን አንቄ ይዤ ነበር፤ ባሌ ነው የገላገለን።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የአንተን ግን በቁምህ ቀበሩት። በእኔ ይሁንብዎ ብዬ ያስገባሁህ እኔ ነኝና፣ የአንተ ሲጎድፍ የእኔም ጎደፈ። እሱ ግን ግድ አልሰጠኝም። አንጀቴን የበላኝ ሳትሰናበተኝ መሄድህ ነው። እኔም ያመንኩባቸው መስሎህ ነበር አይደል? ሞኝ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ፓስወርዱ ተቀየረ። አዲሱም ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። አትሳቅ! መመለሻ ጉዞ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይጠፋል። በሽተኞቹ እየደወሉ፣ እኛ እየተሯሯጥን እንሸፍነዋለን። "ዛሬም እየገባ ነው፤ ከውስጥ የሚነግረው ሰው አለ" ይባላል፤ ይህ ሲባል ሁሉም እኔን በጎን ያየኛል። "አዎ! ደንቨር ቁጭ ብሎ የጋርላንድ ሽማግሌዎችን መመለሻ ሲያጠፋ ይውላል፤ ሌላ ሥራ የለውማ!" እልና በሩን አላትሜ እወጣለሁ። እንጀራዬ እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ምላሴን ታውቀዋለህ።

ዘንድሮ በጸደይ መሥሪያ ቤቱ ቆረጠ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየራሱ ስም ካልገባ ከእንግዲህ በሽተኛ አይላክላችሁም አለ። ጋሽ መንገሻ ተጨነቁ። ሙሉወርቅ አንድ ትልቅ ካምፓኒ ውስጥ የሠራተኞችን የኮምፒውተር መግቢያ የምታደራጅ ሐዊ የምትባል ልጅ አመጣች። ሐዊ ፍሪጁን አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያ ተቀመጠችና ውሃ ጠየቀች።

ውሃውን ጠጥታ አስረዳችን። ኢንተርኔት ላይ አንድ በር ይኖረናል፤ ሁላችንም በየስማችን በዚያ በር እንገባለን። ከዚያ በኋላ ኢሜይሉም፣ ፔይሮሉም፣ ጉዞውም ለየሥራችን በሚያስፈልገን ልክ ይከፈትልናል። ሰው ሲለቅ አንድ ቦታ ላይ ይዘጋል፣ ሁሉም አብሮ ይዘጋል።

"ታዲያ ይሄ ነገር የሚቀመጠው የት ነው?" አሉ ጋሽ መንገሻ።

"ክላውድ፣ ደመና የሚሉት ላይ ነው ጋሼ። እኛ ቢሮ ምንም ማሽን አይገባም።"

በመስኮቱ ወደ ሰማይ አዩና "በዚህ በቴክሳስ በረዶ?" አሉ። ሐዊ ሳቋን ዋጠችው። ያም ሆኖ "ቤተሰቤን ከፋፈላችሁብኝ" እያሉ ነው ውሉን የፈረሙት።

ጥዑሜ፣ በመጀመሪያው ቀን ስገባ ስክሪኑ ላይ "እናትነሽ" ይላል። እዚያ ቢሮ ዓመታት ስሠራ ስሜ አንድም ቀን ተጽፎ አያውቅም ነበር። እኔ እንዲህ ከሆንኩ፣ ስሙን ሁላችን ስንለብሰው የነበረው ልጅ ምን ተሰምቶት ይሆን አልኩ። ማለቴ፣ አልተናደድኩም፤ አንተ ትዝ ብለኸኝ ነው።

አሁን ደረስንልህ። ሐዊ ጉዞ የመቀየርና የማጥፋት ፈቃድ የሰጠችው ጉዞ ለምንመድበው ለእኛ ለዲስፓቸሮቹ ብቻ ነው። ጋሽ መንገሻ ማየት እንጂ መንካት አይችሉም፤ መሥሪያ ቤቱ ያለው እንደዚያ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከቤታቸው ደወሉ። እጄ ሥራ ይዞ ስለነበር ስፒከር ላይ አደረግኳቸው።

"እናትነሽ፣ እንደምን አደርሽ? ያቺ ቀይዋ ምልክት የት ሄደች?"

"የትኛዋ ጋሼ?"

"ያቺ እንኳ፣ ስነካት መስመሩን የምታነሳልኝ። ጠዋት ጠዋት የማጸዳባት።"

አዲሱን መግቢያ ልትለምድ በጠዋት የመጣችው ሙሉወርቅ ቀና አለች።

"ምኑን ነው የሚያጸዱት ጋሼ?" አልኩ።

"እናንተ እኮ ትቸኩላላችሁ፤ አንዱን ሰው ሁለቴ ትጽፉታላችሁ። ያው ስም፣ ያው ክሊኒክ፣ ሁለት መስመር። ታችኛውማ ሰዓት እንኳ የለው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ቁጭ ብዬ ድጋሚውን አነሳላችኋለሁ። ለምን ላሳፍራችሁ ብዬ ነው እንጂ እስከ ዛሬ ሳልነግራችሁ የቀረሁት!"

ጥዑሜ፣ ታችኛው መስመር መመለሻው ነው! እጥበቱ የሚያልቅበት ሰዓት ስለማይታወቅ ባዶ የምንተወው። እሳቸው ቫን ሲነዱ ሥራው በወረቀት ነበር፤ ይህን ገጽ ማንም አላሳያቸውም፤ እሳቸውም ማንንም አልጠየቁ። ሊያግዙን ብለው፣ እኛን ላለማሳፈር ተደብቀው፣ በአንተ ስም ገብተው ሲያጸዱ ኖረዋል። ሌሎቹ በሽተኞች ሲቀሩ ደውለው ይሰድቡናል። ሚስ ኦፓል ግን ሰው ማስቸገር የማትወድ ሴት ናት፤ ይመጣሉ ብላ ጠበቀች።

ሙሉወርቅ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ "ጋሼ፣ እባክዎ ቢሮ ይምጡ" አልኩ። አልጮህኩም። ብታየኝ እኔ መሆኔን ትጠራጠር ነበር።

መጡ። ሁለቱን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው፤ ይሄ መሄጃ፣ ይሄ መመለሻ። "ያቺ ሴትዮም?" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉት። "ነግሮኝ ነበር እኮ" አሉ። "አንዱ ቢሳሳት ማን እንደሆነ አናውቅም ብሎ ነግሮኝ ነበር። እኔው ልሁን?" ከዚያ አለቀሱ። እኔ ለዚህ ቀን ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አዝኜላቸው ብቻ አይደለም። ደስ ብሎኝ ነው! እዚያው ሽማግሌ እያለቀሰ፣ እኔ በልቤ እልል እያልኩ ነበር። ይቅር ይበለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ማይክ ለምነው ተነሱ። ሰው መዋጮ ሊጠይቁ መስሎት ወደ በሩ ያይ ጀመር። እሳቸው ግን "ጥዑመልሳን የሚባለውን ልጅ ስሙን አጥፍታችኋል፤ ያስጠፋኋችሁ እኔ ነኝ" አሉ። "ያቺን ሴት ያስቀራት እሱ አይደለም። በሱ ስም ገብቼ ያስቀረኋት እኔ መንገሻ ነኝ። ይህን የሰማ ላልሰማ ያሰማ።" ቀሚሷን ያነቅኳት ሴት መጥታ አቀፈችኝ፤ እኔም አሁን በይፋ ለቅቄያታለሁ።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደው ያንኑ ተናገሩ። ለካምፓኒው ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ይገባናል። ያንተ እገዳ ግን ተነስቷል፤ ወረቀቱ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልህ። ሚስ ኦፓልንም ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። "ያ መሪ ይዞ የሚዘፍነው ልጅ? እሱን እኮ አንድም ቀን አልጠረጠርኩትም" አለችን። ከእኛ ከወገኖችህ ይልቅ እሷ አወቀችህ።

በመጨረሻ የቀረው አሮጌው አካውንትህ ነበር። ጋሽ መንገሻ ሐዊን "እሱን አትዝጊው፤ ይቀመጥለት፤ ሲመጣ ይገባበታል" ብለው ለመኗት።

"አይሆንም ጋሼ፤ ከሁሉ በፊት መዘጋት ያለበት እሱ ነው። ከመጣ አዲስ ይከፈትለታል፣ ለራሱ ብቻ።"

"እኔ ልዝጋው" አልኩ። ነካሁት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ጠፋ። ሙሉወርቅ እልል አለች፤ የምሳ ሰዓት ስለነበር ሹፌሮቹ አንዷ የወለደች መስሏቸው ሮጠው ገቡ።

ጋሽ መንገሻ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ደንቨር ድረስ ሊመጡ ተነስተው ነበር፤ መጀመሪያ ልጻፍለት ብዬ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ተመለስ አልልህም። ይቅር በላቸውም አልልህም፤ እሱ ያንተ ነው። ብቻ ደውልልኝ፤ ቁጥሬ ያው ነው። ናፍቀኸኛል፤ የሚቆጣኝ ሰው ሁሉ አለኝ፣ የሚያስቀኝ ግን ጠፍቷል።

ይቆየን ያልኩት ሰላምታ ይኸው፤ እንደምን ከረምክ፣ ጥዑመልሳን? ሙሉውን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ስንት ዓመት ይህን ስም እየጻፍኩ ስገባ ወደ ሥራዬ ነበር የምገባው። ዛሬ ስጽፈው አንተን ብቻ ነው የምጠራው።

በራሴ ስም፣
እናትነሽ