የካባው ኮሌታ

ሐሙስ፣ ኅዳር 14 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ። በስልክ ያልነገርኩሽን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የወንድምሽ መርዶ የደረሰኝ እሁድ ጠዋት ነው። የቲያትር ቤቱ ትኬት ቆራጭ ጫማውን በፌስታል ይዛ በሬ ላይ ቆመች። ጫማውን ሳይ ገባኝ።

ቅዳሜ ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። "ዛሬስ ይቅርብህ" አልኩት።

"እማዬ፣ ቡድኑ የእኔ፣ ንጉሡም እኔ! ግን አታስቢ፣ ካቃተኝ ጥላው ይገባልኛል" ብሎ ሳቀ።

ጥላው የምንለው ምክትሉን ነው። የንጉሡን ቃል ሁሉ እንደ ሕፃን አፍ አስፈትቶ ያስተማረው ወንድምሽ ነው፤ እሱ ሲታመም እንዲተካው። ያን ቀን ግን፣ ትኬት ቆራጯ እንደነገረችኝ፣ ጥላው አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ መጣ። "ድምፄ ተዘግቷል" አለ በሹክሹክታ። ወንድምሽ ራሱ ገባ። ተውኔቱን ጨረሰ፣ እጅ ነሣ፣ መጋረጃው ሲዘጋ ወደቀ። በዚያው ቀረ።

እኔም በሽታ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። በማግሥቱ ቀብር ላይ ግን ጥላው "ጋሼ! ለማን ጥለኸኝ?" ብሎ ሲጮህ ከአጥሩ ማዶ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዞረ።

ትኬት ቆራጯ ክንዴን ያዘችኝ። "እማማ፣ ሰሙት?"

"ሰማሁት" አልኳት።

አሁን ቡድኑን ጥላው ይዞታል። ትናንት ደግሞ እኔው የሰፋሁትን የልጄን ካባ አንጠልጥሎ መጣ። "እማማ፣ ቅዳሜ የምነግሠው እኔ ነኝ። ወፈር ስለምል ትንሽ ያስፉልኝ።"

"እሺ ልጄ፣ ና ልለካህ።"

መወፈሩንስ አልዋሸም። ወገቡን አሰፋሁለት፣ ትከሻውንም። ኮሌታውን አጠበብኩት። መንጠቆው በስተኋላ ነው፤ ንጉሥ ደግሞ መድረክ ላይ ካባ አያወልቅም፤ የወንድምሽ ሕግ ነው። የምወስድለት መጋረጃው ሊከፈት ሲል ነው።

አትደንግጪ፣ አይገድለውም። ትልቁን ንግግር ሲጀምር ግን የተዘጋ ድምፅ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። እኔም ፊት ወንበር ላይ ነኝ።

"ተይ እማዬ፣ ለእግዚአብሔር ስጪው" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ሰጥቼዋለሁ። ለራሴ ያስቀረሁት ኮሌታውን ብቻ ነው።

ክፉ አይንካሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ የልጄን ነፍስ ይማር ይበል። ለእኔ ግን እስከ ቅዳሜ አትጸልዩ። እጄ እንዳይለዝብብኝ።

እናትሽ